የክፍያ ዊጄትን ከራሳችሁ ዌብሳይት ጋር ማስማማት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለትንንሽ ሱቆች፣ ለማኅበራትና ውጭ አገር ላሉ አብያተ ክርስቲያናት ዌብሳይት እሠራለሁ። ሁሉም ነገር አምሮ፣ ፎቶው ተመርጦ፣ ጽሑፉ ታርሞ ካለቀ በኋላ ገጹን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ የክፍያው ሳጥን ነው። ከባለሱቆችም ከጀማሪ ዴቨሎፐሮችም የሚደርሱኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ።

ዊጄት የምትለው የቱን ነው? የክፍያ ሊንክ ከመላክ በምን ይለያል?

ሊንክ ሲሆን ደንበኛው ከእናንተ ገጽ ወጥቶ የክፍያ ድርጅቱ ገጽ ላይ ይከፍልና ይመለሳል። ዊጄት ግን የክፍያ ድርጅቱ የሠራው ትንሽ ገጽ ሆኖ እናንተ ገጽ ውስጥ የሚቀመጥ ነው። የስትራይፕ ኤለመንትስ፣ የፔይፓል ቁልፎች፣ እዚህ አገር ደግሞ ቻፓ ገጽ ውስጥ እንዲገባ አድርጎ የሚሰጠው ፎርም የዚህ ዓይነት ናቸው።

ልዩነቱ ለዲዛይን ትልቅ ነው። ሊንክ ተጭኖ የወጣ ሰው ሌላ ቤት መግባቱን ያውቃል፣ ቀለሙ ቢቀየር አይገርመውም። ዊጄት ላይ ግን ያው እናንተ ቤት ነው ያለው። ድንገት ፎንቱም ቀለሙም ቋንቋውም ሲቀየርበት፣ ያውም ካርዱን አውጥቶ ቁጥሩን ሊያስገባ ሲል፣ ይደነግጣል።

ያን ያህል ያስጨንቃል? ሳጥኑ እስከሠራ ድረስ ምን ችግር አለው?

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። በርበሬ፣ ሽሮና ቡላ የምትሸጥ የባልትና ሱቅ ዌብሳይት ሠራሁ። ገጹ በሙሉ አማርኛ ነው፤ መደቡ ክሬም፣ ቁልፎቹ የበርበሬ ቀይ። የክፍያው ዊጄት ግን እንደመጣ ነው የገባው። ግራጫ ሳጥን፣ ደማቅ ሰማያዊ ቁልፍ፣ ከላይ እስከ ታች እንግሊዝኛ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደንበኞች በቴሌግራም ስክሪንሾት እየላኩ «ይሄ የእናንተ ነው? ካርዴን ላስገባ?» ይሉ ነበር። የጠየቁት እነሱ ናቸው፤ ሳይጠይቁ የሄዱትን አናውቅም። የሱቁ ባለቤት ደውለው «ልጄ፣ ሰው እዚህ ድረስ መጥቶ ለምን ይመለሳል?» አሉኝ። ዊጄቱ አንድም ቀን አልተበላሸም፣ ሥራውን በትክክል ይሠራ ነበር። ግን የቤቱ አይመስልም።

ለምንድን ነው የኔ ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ) ዊጄቱ ላይ የማይሠራው?

ዊጄቱ አይፍሬም ውስጥ ስለሆነ ነው። አይፍሬም ማለት ገጽ ውስጥ የተከፈተ መስኮት ነው በሉት። በመስኮቱ የሚታየው የሌላ ሰው ግቢ ነው። ዶሜኑ (የድረገጽ አድራሻው) የተለየ ስለሆነ ብሮውዘሩ የእናንተን ሲኤስኤስም ሆነ ጃቫስክሪፕት ወደዚያ አያስገባም።

ይሄ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፣ እና ጥሩ ነገር ነው። የእናንተ ገጽ ቢጠለፍ እንኳ ጠላፊው ሳጥኑ ውስጥ የሚጻፈውን የካርድ ቁጥር በቀጥታ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ለማለፍ ብላችሁ አትታገሉ። በር የሚከፍትላችሁ የክፍያ ድርጅቱ ራሱ ነው፤ የትኛውን በር እንደከፈተ ዶክመንቴሽኑ ላይ ፈልጉ።

ታዲያ ምን ምን መቀየር እችላለሁ?

እንደ ድርጅቱ ይለያያል። ስትራይፕ ከብዙዎቹ ይልቅ እጁ ሰፊ ነው። «አፒራንስ» የሚባል ማስተካከያ አለው። ከተዘጋጁት ገጽታዎች አንዱን ትመርጡና ዋናውን ቀለም፣ የመደቡን ቀለም፣ የስህተት ቀለሙን፣ ፎንቱን፣ በሳጥኖች መሃል ያለውን ክፍተት፣ የጠርዙን ክብነት ትቀይራላችሁ። ከዚያ በላይ ካስፈለጋችሁ ለእያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ደንብ መጻፍ ይቻላል። ፔይፓል ቆጠብ ይላል፦ ቁልፉ ወርቃማ፣ ሰማያዊ፣ ብርማ፣ ነጭ ወይም ጥቁር ነው፣ ሌላ ቀለም የለም። ቁመቱም ከ25 እስከ 55 ፒክስል ባለው ውስጥ ነው።

አንዳንዱ የክፍያ ድርጅት ደግሞ ሎጎና ርዕስ ብቻ ያስቀይራል። እንደዚያ ከሆነ ዊጄቱን ወደ ገጹ ማምጣት ስለማትችሉ ገጹን ወደ ዊጄቱ አምጡት። ዙሪያውን ባዶ ቦታ ስጡት። ከሥሩ ያለውን መደብ ነጭ አድርጉት። ከላዩ በራሳችሁ ፎንትና ቀለም «ክፍያ» የሚል ርዕስና የዕቃውን ዝርዝር አስቀምጡ። ሳጥኑ እንግዳ ቢመስልም በእናንተ እጅ የተቀመጠ እንግዳ ይሆናል።

ከየት ልጀምር ለምትሉ የኔ ቅደም ተከተል ይሄ ነው፦ ፎንት፣ ከዚያ የጠርዝ ክብነትና የሳጥን ቁመት፣ ከዚያ ክፍተት፣ ቀለም መጨረሻ። ሰው ሁሉ በቀለም ይጀምራል። ግን የገጻችሁ ሳጥኖች ጠርዛቸው ክብ ሆኖ የክፍያው ጠርዝ ስል ከሆነ፣ ቀለሙ አንድ ቢሆንም ዓይን ወዲያው ይለየዋል።

የካርድ ቁጥሩን ሳጥን ራሴ ብሠራውስ? ያኔ ሙሉ በሙሉ የኔን ይመስላል።

አትሥሩት። የካርድ ቁጥር በእናንተ ሰርቨር ካለፈ ፒሲአይ ዲኤስኤስ የሚባለው የካርድ ደኅንነት ደረጃ ሙሉ ሸክሙ እናንተ ላይ ይወድቃል። ሳጥኑ የክፍያ ድርጅቱ አይፍሬም ውስጥ ከሆነ ግን የምትሞሉት መጠይቅ በጣም አጭሩ ነው። ለሚያምር ጠርዝ ተብሎ የሰው ካርድ ይዞ መገኘት የሚያዋጣ አይደለም።

አይፍሬም አለ ማለት ደግሞ የራሳችሁን ገጽ መርሳት አይደለም። ከማርች 31፣ 2025 ጀምሮ ግዴታ ከሆኑት የደረጃው አንቀጾች አንዳንዶቹ ክፍያ ገጽ ላይ የሚሮጡ ስክሪፕቶችን አውቆና መዝግቦ መያዝን ይመለከታሉ። ቻት ሳጥኑን፣ የማስታወቂያ መከታተያውን፣ የሚበር ኮንፌቲውን ከዚያ ገጽ አውጡት። ዲዛይኑም ይጠራል።

የብራንዴ ቀለም ቢጫ ነው። ቁልፉን ቢጫ ላድርገው?

አድርጉት፣ ግን ጽሑፉ ነጭ እንዳይሆን። የድረገጽ ተደራሽነት መመሪያው ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 የቀለም ልዩነት ይጠይቃል፣ ለሳጥን ጠርዝና ለመሳሰለው 3 ለ 1። ወርቃማ ቢጫ ላይ ነጭ ጽሑፍ 1.4 ለ 1 አካባቢ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ቆሞ ስልኩን የያዘ ሰው ምንም አያይም። ቢጫው ላይ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡኒ ጻፉ።

ብራንዳችሁ ቀይ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። የባልትናው ሱቅ ላይ የገጠመኝ ይሄ ነው። ዋናው ቁልፍ ቀይ፣ የስህተት መልእክቱም ቀይ። ደንበኛው ሳጥኑን ሲነካ ጠርዙ ወደ ብራንዱ ቀይ ይለወጣል፣ እና ገና አንድ ቁጥር ሳይጽፍ የተሳሳተ ይመስለዋል። የሳጥኑን ጠርዝ ቡኒ አደረግሁት፣ ስህተቱን ደግሞ በቀለም ብቻ ሳይሆን በምልክትና በጽሑፍ ለየሁት። ቀዩ ለመክፈያው ቁልፍ ብቻ ቀረ።

ገጹ ላይ ያለው የአማርኛ ፎንት ዊጄቱ ውስጥ ለምን ይጠፋል?

ይሄን ጥያቄ ስለምወደው ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ገጻችሁ የጫነው ፎንት አይፍሬሙ ውስጥ አይገባም። መስኮቱ የሌላ ግቢ ነው ብለን የለ? ፎንቱን ለዊጄቱ ለብቻው መስጠት አለባችሁ፤ ስትራይፕ ለምሳሌ የፎንቱን አድራሻ ይቀበላል። ካልሰጣችሁት ብሮውዘሩ ኮምፒውተሩ ላይ ያገኘውን ያነሳል። ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ወይም ኤብሪማ፣ ማክ ላይ ከፋ፣ አንድሮይድ ላይ ኖቶ። ስለዚህ እናንተ ቢሮ ላይ ያማረው ሳጥን ደንበኛው ጋ ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል።

ሁለተኛው ነገር፣ ብራንዱ የገዛው የላቲን ፎንት ብዙ ጊዜ የግዕዝ ፊደል የለውም። ዲዛይነሩ ይሄን አይነግራችሁም፣ ምክንያቱም እሱ የሞከረው በእንግሊዝኛ ነው። ቁጥሩ በአንድ ፎንት፣ «ብር» የሚለው በሌላ ፎንት ሲወጣ ታያላችሁ፤ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን። መጀመሪያ የአማርኛውን ፎንት ምረጡ፣ ከዚያ አብሮት የሚሄድ ላቲን ፈልጉለት።

ሦስተኛ፣ መጠን። ዊጄቶች የሳጥን ስምን በትንሽ ጽሑፍ የመጻፍ ልማድ አላቸው። በእንግሊዝኛ 12 ፒክስል ይነበባል። በአማርኛ ግን «ሉ» እና «ሊ» የሚለዩት ቀኝ እግራቸው ላይ ባለችው ጭረት ነው፣ አንዷ መሃል ሌላዋ ታች። በ12 ፒክስል ርካሽ ስልክ ላይ ያቺ ጭረት ትጠፋለች። ከ14 አታውርዱ፣ የመስመር ክፍተቱንም ሰፋ አድርጉት።

ሌላም አለ። ፈረንጅ ብራንዶች ቁልፍ ላይ ሁሉንም በትልልቅ ፊደል መጻፍና ፊደሎቹን ማራራቅ ይወዳሉ። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፣ ስለዚህ ያ ትእዛዝ ምንም አያመጣም። ማራራቁ ግን ይሠራል፣ ቃሉን ይበታትነዋል። አጥፉት። ጎላ እንዲል ከፈለጋችሁ ፎንቱን አወፍሩት።

ዊጄቱ አማርኛ ባይኖረውስ?

ይሄ ዋሽንግተንም ሆነ ፍራንክፈርት ያሉ የኛ ማኅበራት ሁሉ ጥያቄ ነው። ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ድርጅት አይሠራም፣ ውጭ የተመዘገቡ ዕድሮችና አብያተ ክርስቲያናት ግን ይጠቀሙበታል። የስትራይፕ ሳጥን ደግሞ አማርኛ አይናገርም። ገጹ አማርኛ፣ ሳጥኑ እንግሊዝኛ።

እኔ የማደርገው ይሄን ነው። ከሳጥኑ ውጪ ያለውን ሁሉ፣ ርዕሱን፣ ድምሩን፣ ቁልፉን፣ በአማርኛ እጽፋለሁ፤ እነዚህ በእኔ እጅ ናቸው። ከሳጥኑ በላይ ደግሞ አንድ መስመር እጨምራለሁ፦ «ከታች የካርድዎን ቁጥር፣ የሚያበቃበትን ወርና ዓመት፣ ከጀርባው ያለውን ባለ 3 አኃዝ ቁጥር በቅደም ተከተል ያስገቡ።» አሜሪካን ኤክስፕረስ የሚጠቀም ካለ ቁጥሩ ባለ 4 አኃዝና ፊት ለፊት መሆኑንም ጨምሩ። እናቶች ለቤተ ክርስቲያን መባ ሲሰጡ የልጃቸውን እጅ ሳይጠብቁ መጨረስ መቻላቸው ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ቁልፉ ላይ ምን ይጻፍ?

«ክፈል» አትበሉ። እናንተ የምታናግሩት ወንድ ብቻ አይደለም። «ክፈል/ክፈዪ» ደግሞ ዓይን ያደክማል። «ይክፈሉ» ለሁሉም ይሆናል፣ ክብርም አለው። ከሁሉ የሚሻለው ገንዘቡን አብሮ መጻፍ ነው፦ «1,500 ብር ይክፈሉ»። ሰው ጣቱን ከማሳረፉ በፊት የመጨረሻውን ቁጥር ቁልፉ ላይ ያየዋል።

ገጹ ሙሉ በ«እርስዎ» ከሆነ ዊጄቱ ድንገት «አንተ» እንዳይል ተጠንቀቁ። የተተረጎመ ዊጄት ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው። ቀለም ቢስማማም ንግግሩ ካልተስማማ ሌላ ሰው ገብቶ ያወራ ይመስላል።

የቴሌብር ወይም የአፕል ፔይ ሎጎ ከገጼ ቀለም ጋር አልሄደም። ልቀይረው?

በፍጹም። አፕል ፔይ ጥቁር፣ ነጭ ወይም ጠርዝ ያለው ነጭ ቁልፍ ይሰጣችኋል፣ ከዚያ ውስጥ ምረጡ። ጎግል ፔይም ጥቁር ወይም ነጭ ነው። የቴሌብርን፣ የኤምፔሳን፣ የሲቢኢ ብርን ምልክት እንዳለ ተዉት። ሰው ዋሌቱን (የስልክ ገንዘብ ቦርሳውን) የሚያውቀው በቀለሙ ነው፣ ስሙን እንኳ አያነብም። ቡኒ የሆነ ቴሌብር አጭበርባሪ ይመስላል።

ሁሉንም በተመሳሳይ ቁመት፣ በነጭ ካርድ ላይ፣ በእኩል ክፍተት ደርድሯቸው። የቀለም ጭቅጭቁ ያኔ ይረግባል።

ዊጄቱ በጣም ከተመሳሰለ ለሌባ አይመችም?

ይመቻል፣ እና መስመሩን የማሰምረው እዚህ ጋ ነው። ማስማማት ሌላ፣ መደበቅ ሌላ። ፎንቱ፣ ጠርዙ፣ ክፍተቱ፣ ቋንቋው የእናንተ ይሁን። ገንዘቡን የሚቀበለው ማን እንደሆነ ግን በግልጽ ይታይ። ከሳጥኑ ሥር «ክፍያው የሚከናወነው በእገሌ በኩል ነው» የሚለውን መስመር ዲዛይነሩ ለውበት ብሎ ሊያነሳው ሲል እምቢ በሉ። ደንበኛው የባንክ መልእክት ሲደርሰው ያንን ስም ሊያይ ይችላል።

የዋሌት ፒን ደግሞ እናንተ ገጽ ላይ መጠየቅ የለበትም። ደንበኛው የሚያስገባው በዋሌቱ መተግበሪያ ወይም ስልኩ ላይ በሚመጣለት ማረጋገጫ ነው። የእናንተን ብራንድ የለበሰ ሳጥን ፒን ከጠየቀ ሰው በየትም ገጽ ፒን መስጠትን ይለምዳል፣ ነገ ያንን ልማድ የሚጠቀምበት ሌላ ነው።

ስልክ ላይ ሳጥኑን ስነካው ገጹ ለምን ይጎላል? ቁልፉስ ለምን ይቆረጣል?

መጉላቱ የአይፎን ነው። የሳጥኑ ጽሑፍ ከ16 ፒክስል ካነሰ ሳፋሪ ራሱ ያጎላዋል። 16 አድርጉት፣ ያልቃል።

መቆረጡ ግን የቁመት ነገር ነው። አይፍሬሙን በ400 ፒክስል ቸክላችሁት፣ ደንበኛው ሲሳሳት የስህተት መልእክት ይጨመራል፣ ሳጥኑ ይረዝማል፣ ቁልፉ ከታች ይደበቃል። ቁመቱን ዊጄቱ ራሱ እንዲወስን ተዉት፤ አብዛኞቹ ቁመታቸው ሲለወጥ ለገጹ መልእክት ይልካሉ። ገጽ ውስጥ ሌላ የሚንሸራተት ገጽ አታስቀምጡ።

ማረጋገጫ ኮድ የሚጠይቀው መስኮት ለምን ሌላ ዓለም ይመስላል?

እሱ 3ዲ ሴኪዩር ነው፣ የሚመጣውም ከካርዱ ባንክ ነው። ቀለሙን የሚወስነው የክፍያ ድርጅታችሁ አይደለም፣ ባንኩ ነው። በእናንተ እጅ ያለው ቦታው ነው። መጠኖቹ በፒክስል የታወቁ ናቸው፦ 250 በ400፣ 390 በ400፣ 500 በ600፣ 600 በ400፣ ወይም ሙሉ ስክሪን። ስልክ ላይ ሙሉ ስክሪኑ ይሻላል። ከመከፈቱ በፊትም «አሁን ባንክዎ ማረጋገጫ ይጠይቅዎታል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አሳዩ።

ዳርክ ሞድ (ጥቁር መልክ) ላይ በሳጥኑ ዙሪያ ነጭ መደብ ይወጣል።

የገጹና የአይፍሬሙ የቀለም ሁኔታ ሳይስማማ ሲቀር ብሮውዘሩ ለአይፍሬሙ ሙሉ መደብ ይሰጠዋል፣ ግልጽ መሆኑ ይቀራል። ሁለቱንም አንድ አድርጉ። ዊጄቱ ዳርክ ሞድ ከሌለው የክፍያውን ክፍል በብርሃኑ መልክ ተዉት።

የስልክ ቁጥር ሳጥኑ ደንበኞቼን «ስህተት» ይላቸዋል።

07 ያስገቡ ናቸው? ሳፋሪኮም ከመጣ ወዲህ ቁጥር በ09 ብቻ አይጀምርም። ከዚያ በፊት የተጻፈ ኮድ 07ን ይመልሳል። ደንበኛው በ+251 ቢጽፍም፣ በ0 ቢጀምርም፣ ክፍተት ቢያስገባም ተቀበሉት፤ ማስተካከል የእናንተ ኮድ ሥራ ነው።

ከፍሎ ከጨረሰ በኋላስ? እዚያም ማስማማት አለ?

ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ደረሰኙ «14:30» ይላል፣ ደንበኛው ግን የከፈለው 8 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ገጹ የኢትዮጵያን ቀን ይጽፋል፣ ደረሰኙ የፈረንጅን። ሁለቱንም ጻፉ፣ ወይም ቢያንስ «እ.ኤ.አ.» በሉ። የካርዱ ማብቂያ ላይም እንዲሁ፤ «ካርዱ ላይ እንደተጻፈው» የሚል ማስታወሻ ጨምሩ።

በካርድ የከፈለ ሰው ደግሞ ከወር በኋላ የባንክ ዝርዝሩን ሲያይ የሚያገኘው የእናንተን ሎጎ አይደለም፣ አንድ አጭር ስም ነው። ስትራይፕ ላይ ይሄ ስም ከ5 እስከ 22 ፊደል፣ ያውም በላቲን ነው። የሱቁ ስም በአማርኛ «የእናት ጓዳ» ሆኖ እዚያ የባለቤቱ የንግድ ፈቃድ ስም ከወጣ፣ ደንበኛው «እኔ ይሄን አልከፈልኩም» ብሎ ባንኩ ጋ ይሄዳል። በላቲን ፊደል የምትጽፉትን ስም ገጹ ግርጌ ላይና ደረሰኙ ላይም አስገቡት፣ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ። ከዚያ በራሳችሁ ካርድ የአንድ ዕቃ ዋጋ ከፍላችሁ በባንክ ዝርዝራችሁ ላይ ምን ብሎ እንደወጣ እዩት።